አርመርድ ኬብል ከሶኬት አይነሳም

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው፦ «አዲስ አበባ ነው የምኖረው። ግቢያችን ጀርባ ሁለት ክፍል ሰርቪስ ቤት አለ። አንዱን ለእንጀራ መጋገሪያ፣ ሌላውን ለማደሪያ ልናደርገው አስበናል። ከዋናው ቤት 35 ሜትር ያህል ይርቃል። ባለ 2 ኮር፣ ባለ 6 ሚሊ ሜትር ስኩዌር አርመርድ ኬብል ገዝቻለሁ። የመጣው ኤሌክትሪሽያን ሳሎን ካለው ሶኬት ላይ ልቀጥለው አለኝ። ዙሪያውን ያለውን የብረት ሽቦ ቆርጦ ሊጥለው፣ መገጣጠሚያውን በናስትሮ ጠቅልሎ ሊቀብረው ነው። አርመርድ ስለሆነ ኮረንቲ አይወጣበትም፣ ኧርዝም አያስፈልገውም ይላል። ባለቤቴ ግን አልተዋጠላትም። ማን ነው ልክ?»

ልክ ባለቤትዎ ናቸው። ከቀረበልዎት ሐሳብ ውስጥ የምቀበለው የኬብሉን መቀበር ብቻ ነው። የሚቀጠልበት ቦታ፣ አቀጣጠሉ እና ስለ ኧርዝ (የዕቃውን የብረት አካል ከመሬት ጋር ስለሚያገናኘው ሽቦ) የተባለው፣ ሦስቱም ስህተት ናቸው። ሦስቱ አንድ ላይ ሲሆኑ ደግሞ ሰው ይገድላሉ፣ ቤት ያቃጥላሉ።

ከአርመሩ እንጀምር። ኬብሉን በቢላ ቢሰነጥቁት ከውጭ ወፍራም ጥቁር ፕላስቲክ አለ። ከሥሩ ጎን ለጎን የተጠመዘዙ የብረት ሽቦዎች ይታያሉ። ከእነሱ ሥር ሌላ ፕላስቲክ አለ። ከዚያ ውስጥ የየራሳቸው ልባስ ያላቸው የመዳብ ሽቦዎች ይገኛሉ። የብረቱ ሥራ ዶማን፣ አካፋን፣ አይጥንና የድንጋይ ጫናን መመከት ነው። ኮረንቲን አይመክትም። ብረት ነዋ፤ እንዲያውም ያስተላልፋል።

ከሁለት ዓመት በኋላ የቧንቧ ሠራተኛ መጥቶ ግቢውን ቆፈረ እንበል። የዶማው ጫፍ ኬብሉን በሳና አርመሩን ከፌዙ፣ ማለትም ኮረንቲ ከሚያመጣው ሽቦ ጋር አገናኘው። አርመሩ በትክክል ከኧርዝ ጋር ታስሮ፣ መጠበቂያውም በትክክል ተመርጦ ከሆነ መስመሩ በቅጽበት ይጠፋል። ጫፉ ተቆርጦ ከተጣለ ግን ብሬከሩን የሚጥል ምንም ነገር የለም። 35 ሜትሩ ብረት 220 ቮልት ተሸክሞ መሬት ውስጥ ይተኛል። ሰርቪሱ ላይ ያለው የብረት ሳጥን ከአርመሩ ጋር ከተነካካ እሱም 220 ቮልት ይሆናል። የብረት በሩ አጠገቡ ከሆነም እንደዚያው። ኧርዝ ያልተደረገ አርመር ከተራ ገመድ የባሰ የሚሆነው ለዚህ ነው።

ወደ ሶኬቱ እንምጣ። «ኬብሉ ወፍራም ስለሆነ ይችላል» የሚል ነገር ብዙ እሰማለሁ። ወፍራሙ ኬብል የሚችለው ለራሱ ነው። ሳሎን ሶኬት ውስጥ የገባው ሽቦ አብዛኛውን ጊዜ ባለ 2.5 ነው። ያውም ከሶኬት ወደ ሶኬት እየተያያዘ የመጣ ነው። የእንጀራ ምጣድ ከ3.5 እስከ 4 ኪሎ ዋት ይወስዳል። 4,000ን ለ220 ሲያካፍሉት 18 አምፒር ይመጣል። ይህ ምጣዱ ብቻውን ነው። የሳሎኑን ካውያ፣ ፍሪጅና ቴሌቪዥን ገና አልቆጠርነውም።

ቦርዱ ላይ ያለው ብሬከር 16 ከሆነ እንጀራው ምጣድ ላይ እያለ ይጥላል። ከዚያ በኋላ የሚሆነውን ሁላችንም እናውቀዋለን። ብሬከሩ ይወጣና በ32 ይቀየራል። መጣሉ ያቆማል፣ ሁሉም ደስ ይለዋል። ግድግዳ ውስጥ ያለውን ባለ 2.5 ሽቦ ግን ከዚያን ቀን ጀምሮ የሚጠብቀው የለም። በሽቦ ውስጥ የሚያልፈው ኮረንቲ እጥፍ ሲሆን ሙቀቱ 4 እጥፍ ይሆናል። ብሬከር የሚመረጠው በመስመሩ ላይ ላለው ቀጭኑ ሽቦ ነው፣ ለዕቃው አይደለም። ይህን የሳተ ሠራተኛ ካጋጠመዎት ቀሪውን ሥራውንም ይጠርጥሩ።

ናስትሮውስ? ሁለት ሽቦ ተጠማዞ በናስትሮ ሲጠቀለል በመጀመሪያው ቀን ጥሩ ይሠራል። ችግሩ የሚመጣው በመሞቅና በመቀዝቀዝ ነው። ጋገራ ሲሆን መዳቡ ይሞቅና ይለጠጣል። ሲያልቅ ይሰበሰባል። በየጋገራው እንዲህ ሲሆን ጥምዙ ይላላል፤ የናስትሮውም ሙጫ ይደርቃል። እርጥበት ሲገባበት የመዳቡ ገጽ ይጠቁራል። በዚህ መገጣጠሚያ ላይ የ0.1 ኦም ተቃውሞ ብቻ ተፈጠረ እንበል። በ20 አምፒር 40 ዋት ሙቀት አንድ ነጥብ ላይ ይወጣል ማለት ነው። የሬዲዮ ጠጋኝ ቆርቆሮ የሚያቀልጥበት መበየጃ ያንን ያህል ነው። ብሬከሩ ይህን አያየውም። ለእሱ 20 አምፒር ያው 20 አምፒር ነው። የጠቆረ፣ የቀለጠ የምጣድ ሶኬት ያላየ ቤት ያለ አይመስለኝም። እዚያ የተፈጠረው ይኸው ነው። ልዩነቱ ሶኬቱ ለዓይን መታየቱ ነው። መሬት ውስጥ ወይም ኮርኒስ ላይ ሲሆን የሚታወቀው ዘግይቶ ነው።

አሁን ኧርዝ። ግራውንድ የሚሉትም እሱኑ ነው። ሰፊው ስህተት እዚህ ነው ያለው፤ ጎበዝ የሚባሉ ሠራተኞችም ይስቱታል። «መሬት ላይ ዘንግ ቀብሬያለሁ፣ ስለዚህ ብሬከሩ ይጥላል» ይላሉ። እስቲ እናስላው። አንድ ጥሩ የተቀበረ ዘንግ 20 ኦም ተቃውሞ አለው እንበል። 220ን ለ20 ሲያካፍሉ 11 አምፒር ነው። ፌዙ ከምጣዱ አካል ጋር ቢነካካ በዘንጉ በኩል የሚሄደው ከ11 አምፒር አይበልጥም። ባለ 32 ብሬከር ለ11 አምፒር ዓይኑንም አያንቀሳቅስም። ምጣዱ ኮረንቲ እንደያዘ ይቆያል።

ስለዚህ በዘንግ ብቻ በሚሠራ ቤት ውስጥ አርሲዲ የግድ ነው። ሱቅ ውስጥ ኧርዝ ሊኬጅ ብሬከር የሚሉት ነው። በፌዝ የሄደውንና በኒውትራል የተመለሰውን ኮረንቲ ያወዳድራል። ልዩነቱ ከተወሰነው መጠን ካለፈ ይጥላል። ለሰው መጠበቂያ የሚሆነው 30 ሚሊ አምፒር የሚል የተጻፈበት ነው። ላዩ ላይ «ቲ» ፊደል ያለበት የመሞከሪያ ቁልፍ አለው። ተራ ብሬከር ያ ቁልፍ የለውም። ሲገዙ በዚህ ይለዩታል።

በዚህ አጋጣሚ አንድ መጥፎ ልማድ ላንሳ። ኧርዝ በሌለበት ቤት የሶኬቱን የኧርዝ ጫፍ ከኒውትራሉ ጋር በአጭር ሽቦ የሚያያይዙ አሉ። ምጣዱ መንዘሩን ያቆማል፣ እውነት ነው። ነገር ግን ኒውትራሉ የሆነ ቦታ ከተበጠሰ የምጣዱ አካል በቀጥታ 220 ቮልት ይሆናል። ምሰሶ ላይ የኒውትራል መበጠስ በዚህ አገር ብርቅ አይደለም። ቤትዎ ውስጥ እንዲህ ዓይነት ድልድይ ካለ ዛሬውኑ ያስወግዱት። የአርመሩን ብረት እንደ ኒውትራል የሚጠቀምም አይቻለሁ፤ እሱን ያደረገ ሰው ግቢዬን ሁለተኛ እንዲረግጥ አልፈቅድም።

እንግዲህ ትክክለኛው መንገድ የሚከተለው ነው። መስመሩ የሚነሳው ከዋናው ቤት ቦርድ፣ ለብቻው ከተመደበ ባለ 32 አምፒር ብሬከር ነው። ከዚያ ባለ 6 ሽቦ፣ ከኧርዙ ጋር፣ በኮንዲት (በሽቦ ቱቦ) እስከ ውጭ ግድግዳ ይመጣል። ግድግዳው ላይ ውሃ የማያስገባ ጃንክሽን ቦክስ (የሽቦ መገናኛ ሳጥን) ይገጠማል። አርመርድ ኬብሉ እዚያ ውስጥ በግላንድ (ኬብሉን አጥብቆ በሚይዝ የናስ መግቢያ) ገብቶ ይያያዛል። ከዚያ ሳይቆረጥ አንድ ወጥ ሆኖ እስከ ሰርቪሱ ይሄዳል። ሰርቪሱ ላይ ትንሽ ቦርድ ይኖራል። መግቢያው ላይ ፌዝና ኒውትራሉን አንድ ላይ የሚያቋርጥ ማብሪያ ማጥፊያ ይደረጋል። ሁለቱንም ማቋረጡ ለምን? ምሰሶ ላይ ጥገና ተደርጎ ፌዝና ኒውትራል ተገለባብጦ የሚመለስበት ጊዜ ስላለ። ከዚያ ለመብራት 10 አምፒር በባለ 1.5፣ ለሶኬት 16 አምፒር በባለ 2.5፣ ለምጣዱ ደግሞ ለብቻው 20 አምፒር በባለ 4 ሽቦ ይከፋፈላል። ምጣዱን ተራ ባለ 16 ሶኬት ላይ አይሰኩት። 18 አምፒር በየጋገራው ለሰዓታት አይችልም። በቀጥታ ከግድግዳ ማብሪያ ጋር ይታሰር፣ ወይም ባለ 32 የፋብሪካ ሶኬትና ፕላግ ይግጠምለት።

አርሲዲው የት ይቀመጥ የሚለው ላይ አቋም አለኝ። ሰርቪሱ ቦርድ ላይ ብቻ ቢያስቀምጡት ሰርቪሱን ይጠብቃል፣ የተቀበረውን ኬብል ግን አያየውም። ያ የቧንቧ ሠራተኛ ዶማ ከአርሲዲው በፊት ነው ያረፈው። አቅም ካለ ሁለት ይደረግ፤ ዋናው ቦርድ ላይ 100 ሚሊ አምፒር የሆነና ትንሽ ዘግይቶ የሚጥል ዓይነት፣ ሰርቪሱ ላይ ደግሞ ባለ 30። አንድ ብቻ ከሆነ የሚገዙት ባለ 30ውን ዋናው ቦርድ ላይ፣ የአርመርዱ መነሻ ላይ ያድርጉት። ሲጥል 35 ሜትር ተመላልሰው ያነሱታል። ይህ ዋጋ አይደለም።

ስለ ገዙት ኬብል። ባለ 2 ኮር ነው፤ ሦስተኛ ሽቦ የለውም። አርመሩ ራሱ ኧርዝ ሊሆን አይችልም ወይ ይሉኛል። በስሌት ይችላል። ደረጃውን የጠበቀ የባለ 6 ኬብል አርመር የብረት ስፋቱ ለዚህ ይበቃል። እኔ ግን ብቸኛ ኧርዝ እንዲሆን አልመክርም። ብረት ይዝጋል፤ የሚዝገውም ግላንዱ ጋ፣ መገናኛው ላይ ነው። ገበያ ላይ ያለው ኬብል ሁሉ አርመሩ እኩል ውፍረት የለውም። ስለዚህ ገና ስላልተቀበረ መልሰው በባለ 3 ኮር ይቀይሩት። አንዱ ኮር ኧርዝ ይሆናል፤ አርመሩም በተጨማሪ ከዚያው ኧርዝ ጋር ይታሰራል። ሱቁ አልቀይርም ካለ ባለ 6 አረንጓዴ ቢጫ ሽቦ ገዝተው፣ በፕላስቲክ ቱቦ አድርገው፣ እዚያው ጉድጓድ ውስጥ ጎን ለጎን ይቅበሩት። ይህም ጥሩ ነው። የማልቀበለው ሦስተኛውን ምርጫ ነው፤ ማለትም «ለጊዜው እንዲህ ይሁን» የሚለውን።

ሊቀይሩ ሲሄዱ አንድ ነገር ይፈትሹ። የመዳቡን ጫፍ በቢላ ፋቅ ያድርጉት። ውስጡ ነጭ ከወጣ በመዳብ የተለበጠ አልሙኒየም ነው። አቅሙ ከመዳብ ያነሰ ነው፤ ብሎን ሲጠብቅበትም እየተጨፈለቀ ይላላል። አይግዙት። አልሙኒየምን ከመዳብ ጋር በቀጥታ መጠማዘዝ ደግሞ ጨርሶ አይሆንም። እርጥበት ሲያገኛቸው ይበላላሉ። ለሁለቱ የተሠራ ልዩ ማያያዣ አለ።

የውፍረቱ ነገር አያሳስብዎት፤ ባለ 6 መምረጥዎ ጥሩ ነው። ምጣዱና ሌላው ተደምሮ 25 አምፒር ቢሆን፣ በ35 ሜትር ላይ የሚጠፋው ቮልቴጅ 6.5 ያህል ነው። ከ220ው 3 በመቶ መሆኑ ነው። በባለ 4 ቢሆን ወደ 10 ቮልት ይጠጋ ነበር። በባለ 2.5 ደግሞ ወደ 16። አመሻሽ ላይ የሰፈሩ መብራት ራሱ ሲደክም 16 ቮልት ተጨማሪ ማጣት ምጣዱን ያዘገየዋል፤ እንጀራውም ዓይን አያወጣም።

አሁን ወደ ግላንዱ። ሥራው ጥሩ ይሁን መጥፎ የሚለየው እዚህ ስለሆነ ትንሽ ልዘርዝር። ግላንድ ከናስ የተሠራ፣ ሲፈታ ብዙ ቁራጭ የሚሆን መግቢያ ነው። ሲደብልዩ የተባለው ዓይነት ውሃ የሚከላከል ጎማ አለው፤ ለውጭ የሚሆነው እሱ ነው። ቢደብልዩ የተባለው ለደረቅ ቤት ውስጥ ብቻ ነው። መጠኑን በግምት አይግዙ፤ አንድ ስንዝር የኬብሉን ቁራጭ ይዘው ሱቅ ይሂዱ።

አገጣጠሙ ላይ መጀመሪያ የፕላስቲክ ሽፋኑና የኋላው ብሎን ኬብሉ ላይ ይገባሉ። ይህን የረሳ ሰው ሁሉን ጨርሶ እንደገና ይፈታል። ከዚያ የውጭው ጥቁር ፕላስቲክ ይላጣል። አርመሩ የሚቆረጠው በሰጌቶ ነው፤ ግን እስከ መጨረሻው አይታረድም። ዙሪያውን ግማሽ ድረስ ይፋቅና ሽቦዎቹ አንድ በአንድ ወደ ውጭና ወደ ውስጥ ሲታጠፉ ራሳቸው ይሰበራሉ። እስከ መጨረሻው የሚያርድ ሰው የውስጡን ልባስ ይነካል። ያ ጭረት የዛሬ ዓመት ክረምት ላይ ብሬከሩን መጣል ይጀምራል። የቀሩት አጫጭር የአርመር ጫፎች ግላንዱ ውስጥ ባለው ሾጣጣ ቁራጭ ላይ እንደ ጃንጥላ ይዘረጋሉ። አንዱ በሌላው ላይ መደራረብ የለበትም። ከዚያ በሁለት መፍቻ ይጠብቃል። አርመሩ በብረቱ መካከል ተነክሶ ይቀራል። ኬብሉን በኃይል ሳብ ያድርጉት፤ ፍንክች ካለ አልጠበቀም።

ከግላንዱ ጋር ጆሮ ያለው የናስ ቀለበት ይመጣል። ብዙዎች እንደ ትርፍ ዕቃ ይጥሉታል። አርመሩ ከኧርዝ ጋር የሚገናኘው በእሱ ነው። ጆሮው ላይ ባለው ቀዳዳ ብሎን ገብቶ፣ አረንጓዴ ቢጫ ሽቦ ታስሮ ወደ ኧርዙ ቴርሚናል ይሄዳል። ቦክሱ ፕላስቲክ ከሆነ ያለ ቀለበቱ አርመሩ ከምንም ጋር አልተያያዘም። ቦክሱ ብረት ከሆነም ቀለሙ ስለሚከለክል በግላንዱ ብቻ አይተማመኑ፤ ቀለበቱን ያድርጉ፣ ቦክሱን ራሱንም ኧርዝ ያድርጉ። አርመሩ በሁለቱም ጫፍ ይታሰራል። ሰርቪሱ ጋ ተጨማሪ ዘንግ ከቀበሩ ለብቻው አይተውት፤ ከዚያው ኧርዝ ጋር ያያይዙት።

ኬብሉ ወደ ቦክሱ የሚገባው ከታች ነው። ከላይ ከገባ የክረምት ዝናብ በኬብሉ ላይ እየወረደ ግላንዱ ላይ ያርፋል። ከመግባቱ በፊትም ወደ ታች ትንሽ ቅስት ይተውለት፤ ውሃው እዚያ ይንጠባጠባል። ውስጥ ሲታሰር ለባለ 6 የተሠራ፣ በብሎን የሚጠብቅ ጠንካራ ቴርሚናል ይጠቀሙ። ያቺ በመቀስ የምትቆረጠው ለስላሳ ነጭ የፕላስቲክ ማያያዣ በምጣድ ኮረንቲ ትቀልጣለች። ቀዳዳው ጠበበ ብለው ከ7ቱ የመዳብ ክር ሁለቱን ቆርጠው የሚያስገቡ አሉ። ይህን ሲያደርግ ያዩትን ሠራተኛ እዚያው ያስቁሙት።

ስለ ቀለም አንድ ማስጠንቀቂያ። ባለ 3 ኮር አርመርድ ሁልጊዜ አረንጓዴ ቢጫ የለውም። አንዳንዱ ቡናማ፣ ጥቁርና ግራጫ ነው። የድሮው ቀይ፣ ቢጫና ሰማያዊ ነው። በአዲሱ ልማድ ሰማያዊ ኒውትራል ነው፤ በድሮው ባለ 3 ፌዝ ልማድ ግን ሰማያዊ ፌዝ ነበር። ስለዚህ በሁለቱም ጫፍ በቀለም ናስትሮ ምልክት ይደረግ። ናስትሮ ጥሩ የሚሆነው ለዚህ ነው።

የመቅበሩ ሥራ ቀላሉ ነው። ከ50 እስከ 60 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ይበቃል። መኪና በሚያልፍበት ቦታ ጠለቅ ይበልና በቱቦ ይለፍ። ከሥሩና ከላዩ አሸዋ፣ ከዚያ በላይ የማስጠንቀቂያ ላስቲክ ወይም የብሎኬት ስባሪ ይደረግ። ሲታጠፍ ሰፋ አድርገው ይጠፉት፤ የመታጠፊያው ራዲየስ (የቅስቱ ግማሽ ስፋት) ከኬብሉ ውፍረት 6 እጥፍ አይነስ። ግቢዎ መረሬ ከሆነ ደግሞ፣ ቦሌና አቃቂ አካባቢ እንደሚበዛው፣ ኬብሉን ወጥረው አይቅበሩት። ጥቁር አፈር በበጋ ይሰነጠቃል፣ በክረምት ያብጣል፣ ኬብሉንም ይጎትተዋል። ጫፎቹ ላይ ትርፍ ይተዉ። ዘንጉም በበጋ አፈሩ ሲሸሸው ተቃውሞው ስለሚጨምር የኧርዙን ጉድጓድ አልፎ አልፎ ውሃ ያጠጡት። ከመድፈንዎ በፊት ሜትር ዘርግተው በስልክዎ ፎቶ ያንሱት። የሚቀጥለው ቆፋሪ ያመሰግንዎታል።

እርስዎ ራስዎ የሚሠሩትና የማይሠሩት አለ። ጉድጓዱን መቆፈር፣ ኬብሉን መዘርጋት፣ ቦክሱን ግድግዳ ላይ መምታት ይችላሉ። ቦርዱ ውስጥ ግን እጅዎን አያስገቡ። ዋናውን ብሬከር ቢያወርዱትም ከቆጣሪ የሚመጣው ሽቦ የሚታሰርበት ጫፍ ኮረንቲ እንዳለው ይቆያል። ይህን ባለማወቅ ብዙ ሰው ተጎድቷል። መብራት ያለባት ካቻቢቴ ካልበራች መስመሩ ሞቷል ብለው አይመኑ፤ ፌዝና ኒውትራል ተገለባብጦ ሊሆን ይችላል። በመለኪያ በፌዝና ኒውትራል፣ በፌዝና ኧርዝ፣ በኒውትራልና ኧርዝ መካከል ይለካል። መለኪያው ራሱ ቅድሚያ የሚሠራ ሶኬት ላይ ይሞከራል። ጄነሬተር ወይም ኢንቨርተር ካለዎት እሱም ይጥፋ። «መብራት ሄዷል» ተብሎ ደግሞ አይሠራም፤ እጅዎ ሽቦው ላይ እያለ ሊመጣ ይችላል።

ከቆጣሪው በፊት ያለውን ማንም አይንካ። ከዚያ መጥለፍ ሕገወጥ ከመሆኑ በላይ ለእርስዎ ኬብል የሚሆን ብሬከር በመካከሉ የለም። የቤቱ ጠቅላላ ጭነት አልበቃ ካለ፣ ለምሳሌ ቦይለሩና ምጣዱ አንድ ላይ ሲበሩ ዋናው ብሬከር ከጣለ፣ የኬብሉ ጥፋት አይደለም። ወይ ተራ ማስያዝ ነው፣ ወይ ከኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት የኃይል ማሻሻያ መጠየቅ ነው። ባለሙያ ሲመርጡም የብቃት ማረጋገጫ ወረቀቱን ይጠይቁ። ከወረቀቱ ጋር ሜገር የሚባለውን መለኪያ ይዞ ይመጣል ወይ ብለው ይጠይቁ። ኬብሉ ከመያያዙ በፊት በ500 ቮልት በሽቦዎቹ መካከል፣ በእያንዳንዱ ሽቦና በአርመሩ መካከል ይለካል። አዲስ ኬብል ከ1 ሜጋ ኦም እጅግ በላይ ማሳየት አለበት። ዝቅ ካለ ጉድጓዱ ሳይደፈን ይታወቃል። የኧርዙ ተቃውሞም በራሱ መለኪያ ይለካ። በፌዝና በኧርዝ መካከል አምፖል አብርቶ «ይኸው ይሠራል» ማለት መለካት አይደለም። ኧርዙ ደካማ ከሆነ በዚያ ሰዓት የቤቱን ብረት ሁሉ ኮረንቲ ያስይዘዋል።

ሥራው ካለቀ በኋላ የመጀመሪያው ስልክ የሚደወለው በምጣዱ ምክንያት እንደሚሆን ከወዲሁ ልንገርዎ። አርሲዲው በመጀመሪያው ጋገራ ሊጥል ይችላል። ያኔ «አርሲዲው ተበላሽቷል፣ አውጣውና በቀጥታ እሰረው» የሚል ሰው አይጠፋም። የቆየ ምጣድ ሸክላው እርጥበት ይይዛል፤ ሊጡና ዘይቱም ወደ ሽቦው ይሰርጋል። በዚያ በኩል ኮረንቲ ወደ አካሉ ያፈስሳል። እናቶች ጣውላ ላይ ቆመው ወይም የላስቲክ ጫማ አድርገው የሚጋግሩት ምጣዱ ስለሚነዝር ነው። እስከ ዛሬ ያልጣለው የሚያይ መጠበቂያ ስላልነበረ ነው። ምጣዱን ነቅለው አርሲዲውን ያንሱ። ካልጣለ ጥፋቱ የምጣዱ ነው። ያስጠግኑት ወይም ይቀይሩት። ምጣዱ ተነቅሎም የሚጥል ከሆነ ሰርቪሱ ቦርድ ላይ ብሬከሮቹን ሁሉ ያውርዱና አንድ በአንድ እያነሱ ይፈልጉ። ብሬከር ኒውትራልን ስለማያቋርጥ ሁሉም ወርደው ሳለ ቢጥል ወዲያው ኬብሉ ላይ አይፍረዱ፤ መጀመሪያ የመግቢያውን ማብሪያ ማጥፊያ ያጥፉ። ያኔ ከቆመ ችግሩ ሰርቪሱ ውስጥ ነው፤ የሆነ ቦታ ኒውትራል ከኧርዝ ጋር ተነካክቷል፣ ወይም አንድ ሰው ያን ድልድይ መልሶ ሠርቷል። እሱም ጠፍቶ ከጣለ ኬብሉ ራሱ ነው፤ ባለሙያውን ከነሜገሩ ይጥሩት። ይህ ሁሉ ካለፈ በኋላ በወር አንድ ጊዜ የመሞከሪያውን ቁልፍ ይጫኑ። ሲጫኑት ካልጣለ በዚያው ቀን ይቀየር፤ እስኪቀየር ድረስም ምጣዱ አይሰካ።